ሥር የሰደደ የጉበት በሽታና የወንዶች ወሲባዊ ጤና በወረርሽኝ ወቅት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ወገኖች በቫይረሱ ቢያዙ ለጽኑ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ በተደጋጋሚ ሲገለጽ ቆይቷል። በዚህ ረገድ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የአስም ሕሙማን ዘወትር ይጠቀሳሉ። ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚታወሱት በመጨረሻ ነው። ከእነርሱም መካከል ወንዶቹ አጥብቀው የሚደብቁት አንድ ችግር አለ፤ እርሱም የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የብልት አለመቆም ነው። ችግሩ በጉበት ሕሙማን ዘንድ በጣም የተለመደ ሆኖ ሳለ ሐኪሙ አይጠይቅም፣ ታማሚውም አይናገርም።

ይህን ጉዳይ በወረርሽኝ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ማንሳት ለአንዳንድ አንባቢ ያለ ቦታው የገባ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ የገባበት ምክንያት የሚከተለው ነው። ወሲባዊ ድካም የተሰማው ታማሚ፣ ጥፋቱን በየቀኑ በሚውጠው ክኒን ላይ ያደርግና ለማንም ሳይነግር መድኃኒቱን ያቆማል። በደኅናው ጊዜ ይህ በቀጣዩ ቀጠሮ ይታወቅ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ ግን ብዙ ሰው ወደ ጤና ተቋም መሄድን ፈራ፤ ቀጠሮዎች ተራዘሙ፤ መድኃኒቱን ያቆመው ሰውም ማንም ሳያየው ወራት አለፉት። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን የሚያፍነው ቴኖፎቪር በድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና አገርሽቶ ጉበትን በብርቱ ሊያቆስል ይችላል። በምግብ ቧንቧ ውስጥ ያበጡ ደም ሥሮች እንዳይፈነዱ የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል ሲቋረጥ ደግሞ ታማሚው ለሕይወት አስጊ ለሆነ የደም መፍሰስ ይጋለጣል። በዝምታ የተያዘው ችግር ሕይወትን እስከ ማሳጣት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ጉበትና የወንድ ሆርሞን ምን ያገናኛቸዋል?

ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን የሚመረተው በቆለጥ ውስጥ ሲሆን፣ የምርቱን ትእዛዝ የምታስተላልፈው በአንጎል ሥር የምትገኝ ፒቱታሪ የተባለች ትንሽ እጢ ናት። ሆርሞኑ ወደ ደም ከገባ በኋላ አብዛኛው ክፍሉ ብቻውን አይጓዝም፤ ጉበት በሚሠራቸው ፕሮቲኖች ላይ ተጣብቆ ይዘዋወራል። በሰውነት ላይ ሥራ የሚሠራው ግን ከፕሮቲኑ የተላቀቀው ጥቂቱ ክፍል ነው። ጉበት ቀስ በቀስ በጠባሳ ተሞልቶ ሲጠነክርና ሲኮማተር፣ ማለትም ሲሮሲስ ወደተባለው ደረጃ ሲደርስ፣ ሆርሞኑን አጥብቆ ከሚይዙት ፕሮቲኖች አንዱ በደም ውስጥ ይበዛል። በዚህም የተነሳ ነፃው ቴስቶስቴሮን ያንሳል። አንድ ታማሚ በላቦራቶሪ ሲመረመር ጠቅላላው የሆርሞን መጠን ደኅና መስሎ ሊታይና፣ ሰውነቱ ግን ሊጠቀምበት የሚችለው ክፍል ጥቂት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ምርመራው ደኅና ነው ተብያለሁ፤ እንግዲህ ችግሩ የአእምሮዬ ነው» ብሎ ራሱን የሚወቅስ ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል።

በሽታው ሲገፋ ቆለጥና ፒቱታሪ እጢም ራሳቸው ሥራቸውን ያጓድላሉ። በሌላ በኩል የሰውነት ስብ የወንዱን ሆርሞን ኤስትሮጅን ወደተባለው የሴት ሆርሞን የሚለውጥበት ሂደት ከወትሮው ይጨምራል። ሁለቱ ሲደማመሩ የወንድ ጡት ያብጣል ወይም ያማል፤ የደረትና የብብት ፀጉር ይሳሳል፤ ቆለጥ ያንሳል፤ መዳፍ ይቀላል፤ በደረትና በትከሻ ላይ የሸረሪት እግር የሚመስሉ ጥቃቅን ቀያይ ደም ሥሮች ይታያሉ። ጡቱ ያበጠ ታማሚ ሸሚዙን ማውለቅ አፍሮ ከምርመራ የሚሸሽበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ሐኪሙ ግን ይህን ምልክት ሲያይ የሚያስበው ስለ ጉበት ነው፤ ስለ ታማሚው ወንድነት የሚሰጠው ፍርድ የለም።

የሆርሞኑ ነገር ዋነኛ ቢሆንም ብቸኛው ምክንያት አይደለም። የማያቋርጥ ድካም፣ የጡንቻ መክሳት፣ ሆድ ውስጥ የሚቋጠር ውኃ፣ ቀን ቀን አስተኝቶ ሌሊት የሚያነቃ የእንቅልፍ መዛባት፣ ትካዜና የነገ ስጋት እያንዳንዳቸው ፍላጎትን ያጠፋሉ። ጉበት ውስጥ ስብ በመከማቸት ለሚመጣው በሽታ የተጋለጡ ሰዎች ብዙዎቹ ስኳር ወይም ደም ግፊት ስላለባቸው፣ ወደ ብልት ደም የሚያደርሱት ሥሮችም አብረው ይጎዳሉ። አልኮል ደግሞ ጉበትን ብቻ ሳይሆን ቆለጥንም በቀጥታ ይመርዛል፤ ጠጅ፣ አረቄ፣ ጠላና ቢራ በዚህ ረገድ የሚለያዩት በጥንካሬያቸው ብቻ ነው።

የጉበት ሕሙማን ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑም መታወቅ አለበት። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሙ ተገኝቶ ጉበቱ ገና ያልጠነከረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን መዛባት አይኖርበትም። እንዲህ ያለውን ሰው ከወሲብ የሚያርቀው በብዛት ፍርሃት ነው፤ ሚስቴን እበክላለሁ፣ ልጅ አልወልድም፣ ዕድሜዬ አጭር ነው የሚል ፍርሃት። በቢልሃርዚያ ምክንያት የጉበታቸው ደም ሥሮች ዙሪያ የጠበሰባቸው ሰዎችም እንዲሁ የጉበታቸው ሕዋሳት ለረጅም ጊዜ ሥራቸውን ይሠራሉ። በአገራችን ለጉበት በሽታ ምክንያት ከሚሆኑት መካከል ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ አልኮልና ቢልሃርዚያ ይገኙበታል። በሐረር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ከመጋለጥ ጋር የተያያዘ ሆኖ እንዳገኘው ገልጿል። «ምርቃና» የወሲብ ብርታት ይሰጣል ብለው ለሚቅሙ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ጥፋተኛውን መድኃኒት ለይቶ ማወቅ

መድኃኒቶች ሁሉ ከጥርጣሬ ነፃ ናቸው ማለት አይቻልም። ሆድ ውስጥ የተቋጠረን ውኃ ለመቀነስ የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን የወንድ ሆርሞን ሥራውን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ጡትን ያሳብጣል፣ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ የብልት መቆምንም ሊያውክ ይችላል። ይህ ጉዳት በሚገባ የታወቀ ስለሆነ፣ ታማሚው ከተናገረ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስለት ወይም በሌላ መድኃኒት ሊተካለት ይችላል። ፕሮፕራኖሎልም በአንዳንድ ወንዶች ላይ የብልት መቆምን ያዳክማል። እርሱም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚቆም መድኃኒት አይደለም፤ ደም ሥሮቹን በኤንዶስኮፒ አማካይነት ማሰርን የመሰለ ሌላ አማራጭ ካለ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ቴኖፎቪር ግን በዚህ ረገድ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ለወሲብ ድካም ምክንያት ነው ተብሎ የሚጠቀስ መድኃኒት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ክኒን የሚጠላበት ሌላ ምክንያት አለ። መድኃኒቱ ለኤችአይቪ ሕክምናም ስለሚሰጥ፣ ብልቃጡን ያየ ጎረቤት ወይም ዘመድ የተሳሳተ ግምት እንዳይወስድ ታማሚው ይደብቀዋል፤ አንዳንዱም ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር ይውጠዋል። እንዲህ በምሥጢር የሚወሰድ መድኃኒት በመጀመሪያው ሰበብ ይቋረጣል። በእኛ እምነት የሄፓታይተስ ቢ ታማሚ ሚስቱን ወደ ክሊኒኩ ይዞ መጥቶ ስለ መድኃኒቱ ምንነት ከባለሙያው አፍ አብረው ቢሰሙ፣ ከብዙ ምክር የተሻለ ይጠቅማል።

ከገበያ የሚገዛ ብርታት

ችግሩን ለሐኪም ያልተናገረ ሰው መፍትሔውን ከሌላ ቦታ ይፈልጋል። በቅድሚያ የሚያገኘው ሲልደናፊል ነው፤ በተለምዶ ቪያግራ ተብሎ ይጠራል። መድኃኒቱ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ በሐኪም ክትትል ለአንዳንድ የጉበት ሕሙማንም ሊታዘዝ ይችላል። ነገር ግን ከሰውነት የሚያስወግደው ጉበት ስለሆነ፣ የተጎዳ ጉበት ባለው ሰው ደም ውስጥ ከጤነኛው ይልቅ በዝቶና ረዝሞ ይቆያል። ስለዚህ ሐኪሞች በ25 ሚሊ ግራም ይጀምራሉ፤ ጉበቱ እጅግ ለተዳከመ ታማሚ ደግሞ ባይሰጥ ይመረጣል። ከመንገድ ዳር ወይም ያለ ማዘዣ የሚገዛው ባለ 100 ሚሊ ግራም ክኒን የዚህ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ሲሮሲስ ያለበት ሰው የደም ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ ፕሮፕራኖሎልና ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ሲልደናፊል ሲታከልበት ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ለልብ ሕመም ናይትሬት የተባሉትን መድኃኒቶች ከሚወስድ ሰው ጋር ፈጽሞ አይስማማም። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱም የመድኃኒቱ መጠን በደማቸው ውስጥ ከሚገባው በላይ ስለሚያሻቅብ ለሐኪማቸው ማሳወቅ አለባቸው።

ሁለተኛው ከማር ጋር የተለወሰ ዱቄት፣ የተቀቀለ ሥር ወይም ስሙ ያልተጻፈበት ፈሳሽ ነው። የአገር ባህል ሕክምናን በጅምላ መንቀፍ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ይሁን እንጂ በውስጡ ምን ያህል ምን እንዳለ የማይታወቅ ነገር ለጤነኛ ጉበት እንኳ ከባድ ነው። «ለወፍ በሽታ ፍቱን ነው» ተብሎ የሚሰጠውም ቢሆን እንዲሁ። የወፍ በሽታ የሚባለው የዓይን ቢጫ መሆን ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ምልክት ስለሆነ፣ ምንጩ ሳይታወቅ ለሁሉም የሚሆን አንድ መድኃኒት ሊኖር አይችልም።

ሦስተኛው የቴስቶስቴሮን መርፌ ነው። ሆርሞኑ ካነሰ መጨመር ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን ደምን ሊያወፍር፣ በሰውነት ውስጥ ውኃ ሊያጠራቅምና የዘር ፍሬ ምርትን ሊያቆም ይችላል፤ የጉበት ካንሰር ላለበት ወይም ለተጠረጠረበት ሰው ደግሞ ተገቢ አይደለም። ከአንዳንድ የሰውነት ማጎልመሻ ቦታዎች የሚገኙት በአፍ የሚወሰዱ የዚሁ ሆርሞን ዝርያዎች ጉበትን በቀጥታ እንደሚመርዙ የታወቀ ነው።

በወረርሽኙ መጀመሪያ ወራት አረቄ መጠጣት ቫይረሱን ከጉሮሮ ያጥባል የሚል ወሬ በሰፊው ተናፍሶ ነበር። ወሬው ሐሰት ነው። እጅን የሚያጸዳው አልኮል በቆዳ ላይ ይሠራል እንጂ የተጠጣ አልኮል በሰውነት ውስጥ ያለን ቫይረስ አይገድልም። ለጉበት ታማሚ በልኩ የሚባል መጠጥ የለም። መጠጥ ሙሉ በሙሉ ያቆሙ ወንዶች፣ በተለይ ጉበታቸው ገና ብዙ ካልተጎዳ፣ ከወራት በኋላ ወሲባዊ አቅማቸው በተወሰነ ደረጃ ሲመለስ ይታያል።

ከትዳር ጓደኛ ጋር

ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አብሮ በመብላት፣ በመጎራረስ፣ በመጨባበጥ ወይም በአንድ አልጋ በመተኛት አይተላለፍም። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ ግን ለየብቻ መሆን አለባቸው። ሄፓታይተስ ሲ በወንድና በሴት መካከል በሚደረግ ግንኙነት እምብዛም አይተላለፍም፤ በአሁኑ ጊዜም በአፍ በሚወሰዱ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ሕክምና ከመቶ 95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ።

የሄፓታይተስ ቢ ታማሚ ሚስት መመርመር አለባት። ቫይረሱ ከሌለባትና መከላከያም ካላዳበረች በስድስት ወር ውስጥ የሚጠናቀቅ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት አለ። በአገራችን ይህ ክትባት በሕፃናት የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የተካተተው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት አብዛኞቹ አልተከተቡም። ክትባቷ እስኪጠናቀቅና መሥራቱ እስኪረጋገጥ ኮንዶም መጠቀም በቂ ጥበቃ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚፈራሩበት ምክንያት የለም። ልጅ መውለድም የሚከለከል ነገር አይደለም፤ የሕፃኑ ደኅንነት በዋናነት የሚወሰነው እናቲቱ ተመርምራ በሚደረግላት ጥንቃቄና ሕፃኑ በሚያገኘው ክትባት ነው።

ኮቪድ-19ን በተመለከተ ኮንዶም የሚያድነው ነገር የለም፤ ቫይረሱ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነውና። ከሁለቱ አንዱ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የማሽተት ማጣት ካጋጠመው ክፍል ለይቶ መተኛትና እስኪያገግሙ ከግንኙነት መታቀብ ተገቢ ነው። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በቫይረሱ ቢያዝ ለሕይወቱ ስለሚያሰጋው፣ ጭምብሉና ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀቱ ቤት ውስጥ ለሚመላለሰው እንግዳም የሚሠሩ ናቸው።

የኮቪድ-19 ክትባት ወንድን ያመክናል ወይም ብልቱን ያልማል የሚል ወሬም ተሰምቷል። ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም። ይልቁንም በሽታው ራሱ የደም ሥሮችንና ቆለጥን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። የጉበት ሕሙማን እንዲከተቡ ይመከራል።

ለሐኪም እንዴት ይነገራል?

«የምጠይቅዎ አንድ ነገር አለ፤ ከትዳሬ ጋር የተያያዘ ነው» ማለት ለመጀመር ይበቃል። የቀረውን ባለሙያው ይጠይቃል። ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ ንጋት ላይ ብልት የሚቆም መሆን አለመሆኑ፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ሁሉ፣ መጠጥና ጫትም ጭምር ሳይሸሸጉ መነገር አለባቸው። በሴት ባለሙያ ፊት መናገር የሚከብደው ታማሚ በወንድ ባለሙያ ለመታየት፣ በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ካለም ለብቻው ለመነጋገር መጠየቅ ይችላል። የሚደረግለት ነገር እንደ ሁኔታው ይለያያል፤ መድኃኒት መቀየር፣ ስኳርን ማስተካከል፣ ትካዜን ማከም፣ ቫይረሱን መቆጣጠር፣ አንዳንዴም በአነስተኛ መጠን የሚታዘዝ ሲልደናፊል ሊሆን ይችላል። ጉበቱ በጣም የተጎዳበት ሰው ሁሉም ነገር ይመለስልሃል ሊባል አይገባውም፤ ቢያንስ ምክንያቱን ማወቁና ከሚስቱ ጋር መነጋገሩ ግን ሸክሙን ያቀልለታል።

ምግብም ከዚሁ ጋር ይነሳል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ይበላል፤ ጡንቻ ሲከሳ ደግሞ ብርታትም ፍላጎትም አብረው ይሄዳሉ። ከመኝታ በፊት ጥቂት ነገር መቅመስ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል አለማጓደል ይረዳል። ጨው መቀነስ ያለበት ሰው በርበሬውና ዳቦው ውስጥ ያለውንም ይቁጠር። በጾም ወቅት ሕመሙን ለንስሐ አባቱ ወይም ለሃይማኖት መምህሩ አስረድቶ ፈቃድ ቢጠይቅ ከሃይማኖቱ ሥርዓት አይወጣም፤ ሃይማኖቶቻችን ለሕሙማን ያላቸው ርኅራኄ የታወቀ ነውና።

በወረርሽኙ ጊዜ መድኃኒት ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ጤና ተቋሙ መደወል፣ ከተቻለም የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መጠየቅ ይገባል። ታማሚው መውጣት ካልቻለ ቤተሰብ ካርዱን ይዞ ሄዶ ሊያመጣለት ይችላል። ትኩሳት ቢመጣ ሲሮሲስ ያለበት ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ባለ 500 ሚሊ ግራም የፓራሲታሞል ክኒን በላይ መውሰድ የለበትም፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ኩላሊትን ስለሚጎዱና ደም ስለሚያፈሱ ይቅሩበት። በኮቪድ-19 ምክንያት ሆስፒታል የገባ የሄፓታይተስ ቢ ታማሚ ይህንኑ ለሐኪሞቹ አስቀድሞ መንገር አለበት። ለጽኑ ሕሙማን የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የተኛውን የሄፓታይተስ ቫይረስ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሐኪሞቹ ካወቁ አስቀድመው ይከላከሉታል።

በወረርሽኙ ወቅት ለሚነሳ ጥያቄ 8335 ነፃ የስልክ መስመር ክፍት ነበር። ደም ያስመለሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ግራ የመጋባትና የመቀባዠር ምልክት የታየበት፣ ሆዱ ተነፍቶ ትኩሳት ያለው፣ ወይም መድኃኒት ወስዶ ብልቱ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይበርድ የቆየበት ሰው ግን ስልክ ላይ ጊዜ ሳያጠፋ ጭምብሉን አድርጎ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ይሂድ።